«ደልቶሽ ነው» ያለው ባል

«ከቤተሰባችሁ በወሊድ ምክንያት ሕይወቷ ያለፈ እናት አለች?»

ሲስተር ይመኙሻል እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች።

«በእኔ በኩል የለም» አለች ረድኤት፤ ወደ ባሏም ዞረች።

ደጉ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ...

«በእኔም የለም።»

ዋሸ።

ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስቶች ሐሙስ ሐሙስ ስለ ወሊድ የሚማሩበት ክፍል ነው። ዕለቱ የእነ ደጉ የመጀመሪያ ቀን ነበር። ስሙን «ደጉ ቦሼ፣ ከጉኑኖ» ብሎ አስመዝግቧል።

ከኋላ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አብራቸው እርጉዝ የለችም። ደጉ «የለም» ሲል ቀና ብለው አዩት...



የደጉ እናት የሞተችው እሱን ስትወልድ ነው። እያንዘፈዘፋት... አረፋ እየደፈቀች። ሰፈሩ «ጋኔን ጣላት» አለ። ልጁንም «እናቱን ጋኔን የጣለበት» እያሉ አሳደጉት። በአጎቱ ቤት የሚበላው፣ ሌሎች በልተው ሲተርፍ ነበር። ባልተረፈ ቀን ውኃ ጠጥቶ ይተኛል።

አድጎ ሶዶ ገባ። ብየዳ ተማረ። የራሱን ብየዳ ቤት ከፈተ። ስለ እናቱ ግን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ረድኤት እንኳ «በሕመም ሞተች» ከሚለው በቀር የምታውቀው የለም።

ከዚያ ጥያቄ በኋላ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ ደጉ...»

«ሥራ በዝቷል። አንቺም አትድከሚ፤ አርፈሽ ብዪ። እናቶቻችን የት ተምረው ነው የወለዱት?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ጎመዘዘው። ግን አልመለሰውም።

ጎረቤቱ ጎማ ጠጋኙ ሳሚ ሰምቶ ሳቀ። «ደግ አደረግህ! ትንሽ ብትቆይ አንተንም ምጥ ያስጀምሩህ ነበር!»

ደጉ ያጣውን ሁሉ ሚስቱን አበላት። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት... በስምንተኛው ወር ፊቷ ሞላ። ቀለበቷ አልገባ አለ።

«እንዴት ቢይዛት ነው! ጨረቃ መሰለች እኮ!» አሉ ጎረቤቶች።

ደጉ ደረቱን ነፋ። ተርቦ ላደገ ሰው የሞላ ፊት ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

«ራሴን አሞኛል ደጉ...»

«ፀሐይ ነው።»

በማግስቱ... «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል።»

«ደልቶሽ ነው፤ ተኚ።»

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የጀመረውን ብየዳ ሁለት ጊዜ አበላሸ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሥራውን ጥሎ በእኩለ ቀን ቤቱ ገባ። ረድኤት ግንባሯን በሻሽ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች።

በሩ ተንኳኳ።

እኒያ የጤና ጣቢያው አሮጊት ናቸው!

«ፈጠነች እባላለሁ። የጉኑኖ ሰው ነኝ፤ ቤትህን ጠይቄ ነው የመጣሁት። አንተ የቦሼ ልጅ... የምነግርህ ነገር...»

ዓይናቸው ረድኤት ላይ ሲያርፍ ንግግራቸው ተቋረጠ። ጎንበስ ብለው ቅልጥሟን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸውን ሲያነሱ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ሦስት ቀኔ...»

«ዓይንሽስ?»

«ብልጭ ብልጭ...»

«ባጃጅ ጥራ!»

«ምጥ እኮ አልመጣም እማማ። ገና ወር ይቀራታል።»

«ስለ ምጥ ማን አወራህ? ጥራ ነው የምልህ!»

ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ረድኤት ታቃስታለች። ደጉ እጇን ይዟል... ያበጠውን እጇን።

ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ የደም ግፊት መለኪያውን ሁለት ጊዜ አየው። መቶ ሰባ በመቶ አሥራ አምስት።

«እንዲህ ካበጠች ስንት ቀኗ ነው?»

«አበጠች?... ወፈረች እንጂ...»

ሐኪሙ ነርሶቹን ጠራ። አልጋዋን እየገፉ ሮጡ።

በሩ ተዘጋ።

አንድ ሰዓት... ማንም አይወጣም። ደጉ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ይቆማል።

«እማማ... እንዴት አወቁ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እናትህን ያዋለድኩት እኔ ነኝ።»

ደጉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እሷም ፊቷ ሞልቶ ነበር። "የቦሼ ቤት ተስማማት" ብለን እልል አልን። "ራሴን" ስትለኝ ቅቤ ቀባኋት። ልጄ... ጋኔን አልነበረም። የደም ግፊት ነበር። እኔም አላወቅሁም። የዛሬ ሁለት ዓመት እርጉዟን የልጅ ልጄን ይዤ እዚያ ትምህርት ገባሁ። ሲስተሯ ምልክቶቹን ስትቆጥር እናትህ ትዝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሙስ ቀርቼ አላውቅም። የማዋልዳት የለችም፤ ግን ለሰፈሩ ሴት ሁሉ እነግራለሁ። አንተ ስምህን ስታስመዘግብ ለየሁህ። ልነግርህ... አምስት ሳምንት ድፍረት አጣሁ።»

«ሲስተሯ ይህን ያስተማረችው መቼ ነው?»

«በሁለተኛው ሐሙስ።»

ደጉ ከትምህርቱ የቀረበት ቀን!

በሩ ተከፍቶ ነርስ ብቅ አለች።

«የረድኤት ባል! በቀዶ ጥገና ወለደች፤ ሴት ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ጮኻለች። የእናቲቱም ግፊት እየወረደ ነው።»

ለመግባት ተነሣ፤ ግን ተመልሶ ተቀመጠ። አጠገባቸው እንደተቀመጠ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንንም ያልጠየቀውን ጠየቀ።

«እናቴ... ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

«ሳቂታ! ገበያ መሃል ብትጠፋህ በሳቋ ታገኛታለህ።»

ደጉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ወዳጆቼ... የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ማማጥን ለመማር ብቻ አይደለም። ምጡ ሳይመጣ የሚመጣውን አደጋ ለማወቅ ነው። ፍቅርም፣ ሥጋና ቅቤም ዕውቀትን አይተኩም። የሚያፍሩበትን ታሪክ የሚደብቅ ሰው ደግሞ መድኃኒቱንም አብሮ ይደብቃል።

እናንተስ? የመጀመሪያ ልጃችሁን ስትጠብቁ አባትየው አብሮ ተምሯል?

ካልተማረ... የከለከለው ምን ነበር? ሥራ? የሰው ሳቅ? ወይስ ሌላ? በኮሜንት ጻፉልን።