ሰናይት ያላየችው ፕሮግራም

ስክሪኑ ላይ አሁንም የመጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ዲስኩ አልተነበበም። ሰናይት አጥፍታ አበራችው። ያው ነው።

የመምሪያው ኃላፊ ጓድ አድነው ሰዓታቸውን አዩ። «ይህ ኮምፒውተር ዛሬ ካልሠራ የመገጣጠሚያ ክፍሉ ይዘጋል ብያለሁ» አሉ። ከተዘጋ ሰናይት ወደ ታይፕ ክፍል ትመለሳለች።

ባሏ ቶለሳ አጠገቧ ቆሞ ከንፈሩን ነክሷል። ጉድ እኮ ነው፤ መልሱ እሱ ዘንድ ሊኖር ይችላል፣ አፉን መክፈት ግን አይፈቀድለትም። እዚህ ጉለሌ የሚገጣጥሙት ማሽን የአንድ የውጭ አገር ኮምፒውተር ፕሮግራሞችን እንዲያሠራ ነው የሚፈለገው፤ ያንን ኮምፒውተር ገና ሲበራ የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም ግን የሠሪው ኩባንያ ንብረት ነው፤ ቢገለብጡት ስርቆት ነው። ስለዚህ ቶለሳ አንብቦት ምን እንደሚሠራ ብቻ ጻፈ። ሰናይት ደግሞ ዋናውን በዓይኗ ሳታይ ያንኑ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ከራሷ ጭንቅላት አወጣች። ጥያቄ ካላት በጓድ አድነው በኩል ነው። ባልና ሚስቱ ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ አንድ ትሪ ላይ እየበሉ፣ ስለ ሥራው ትንፍሽ ሳይሉ ስለ ጉለሌ ጭቃ ሲያወሩ ከረሙ።

እንደገና ስታበራው ጆሮዋን ወደ ዲስክ ማንበቢያው አስጠጋች። ሞተሩ ገና መሽከርከር ሲጀምር ስክሪኑ ያንኑ መስመር አውጥቶ ተስፋ ቆረጠ።

«ጓድ አድነው፣ ይጠይቁልኝ። ሞተሩ ፍጥነቱን እስኪይዝ ፕሮግራሙ መጠበቅ አለበት ወይ?»

ጓድ አድነው እዚያው ወደቆመው ቶለሳ ዞሩ። «መጠበቅ አለበት ወይ?»

«እ... አለበት» አለ ቶለሳ ፊቱ ቀልቶ። «እሱን ሳልጽፍ ዘልዬዋለሁ።»

«በቃ። እንዴት እንደሚጠብቅ ግን እንዳትነግራት።»

እሱን ማን ጠየቀ? ሰናይት ተቀምጣ መጠበቂያውን በራሷ መንገድ ጻፈች፤ ፕሮግራሙን አዲስ የማስታወሻ ቺፕ ላይ ጫነችና ማሽኑ ውስጥ ያለውን አሮጌ ነቅላ ተካችው።

ሞተሩ መሽከርከር ጀመረ፤ ስክሪኑም ታገሠ። ከዚያ ለውጭ አገሩ ኮምፒውተር የተሠራው የመድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጉለሌ በተገጣጠመው ማሽን ላይ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጓድ አድነው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሠራ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ክፍሉ አይዘጋም።»

ሰናይት እንደገና አጥፍታ አበራችው፤ አሁንም ሠራ።

«አሁንስ የኩባንያው ፕሮግራም እንዴት እንደሚጠብቅ ልንገርሽ?» አለ ቶለሳ ዓመቱን ሙሉ ያፈነውን ሳቅ እየለቀቀ።

«ምን ያደርግልኛል? የራሴ አለኝ» አለችና ለሁለተኛው ማሽን የሚሆን ባዶ ቺፕ አነሣች።