የማይጠማው ጥድ

«ጽጌረዳውን ለምን አይወስዱም?» አላት ችግኝ ሻጩ ጉራም። «ጽጌረዳ ጠባቂ ይፈልጋል» አለችና ናቴላ ከመሬት ተለጥፎ የሚያድገውን ጥድ በጣቷ ዳሰሰችው። በማግስቱ ከከተማቸው ከባቱሚ ተነስታ ጣልያን አገር ልትገባ ነው፤ በደመወዝ የሰው እናት ልትጦር። መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። «ውሃ ይፈልጋል?» ስትል ጠየቀችው። «የኛ ዝናብ ይበቃዋል፣ እትዬ ናቴላ።» «መከርከምስ?» «ኧረ ምንም! ይሄ እንደኔ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ይወፍራል» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ለግቢዎ እንደሱ ያለ አያገኙም።»

ናቴላ አልሳቀችም። «ወይን ጠጅ ቢፈስበትስ፣ ይደርቃል?» አለችው።

የጉራም እጅ ሆዱ ላይ እንዳለ ቀረ። በአገራቸው መቃብር የሚጠይቅ ሰው ከጽዋው ተጎንጭቶ የቀረውን ለሟቹ ያፈስለታል። ባሏ ከተቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም። ጉራም ቆቡን አወለቀ። «አይጎዳውም» አለ ቀስ ብሎ። «ለፋሲካ እኔ ሄጄ አፈስለታለሁ።» ናቴላ ችግኙን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቀፈችው። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር አለች። «ነጩን አድርግለት» አለችው፣ «ቀዩ ቃር ይለቅበታል።»