ባትሪውን ማን በላው

የልጄ ባል የጀልባዋን ወለል ሳንቃ አንስቶ እጁን እስከ ክርኑ ሲሰድ፣ ከጥላው ሥር ተጋድሜ አየሁት። ከባትሪው ላይ አንድ ሽቦ ነቀለ፤ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለው። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ እኔ አየና ሳንቃውን ቀስ አድርጎ መለሰው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲሉ ነው የሰማሁት።

ፊቱን ሲያዞር ተነስቼ ወደ ፍሪጁ ሄድኩ። ትንሽ ነው፤ ክዳኑ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ውስጡ ያለው የእኔ መድኃኒት ብቻ ነው፤ አራት ጠርሙስ ኢንሱሊን፣ ለአራት ወር። ልጄ ከወለደች ሳምንቷ ነው፤ እሷ ባለችበት፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ይሄ መድኃኒት አይገኝም። በዚህ ሙቀት ከተበላሸብኝ የልጅ ልጄን ሳልስም በመጣሁበት መመለሴ ነው። ጠርሙሶቹን ዳበስኳቸው። ለጊዜው ቀዝቃዛ ናቸው።

«እማማ፣ ባይከፍቱት ጥሩ ነው» አለኝ ከኋላዬ። «በከፈቱት ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል። እንደገና ለማቀዝቀዝ ባትሪውን ይበላል።»

እሺ ልጄ አልኩት። በሆዴ ግን፣ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን አትክፈቱ ያሰኘዋል አልኩ።

ስለ ባትሪው ትናንት በትዕግሥት አስረድቶኛል። ነፋሱ እስኪበርድ ከዚህ ቋጥኝ ጀርባ ከተጠጋን ጀምሮ ሌላ ወሬም የለንም። ባትሪው አንድ ነው፤ ፍሪጁን የሚያሠራው እሱ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ። ሞተሩ ሲሄድ ይሞላል፣ ሲቆም ይጎድላል። ነዳጁ ደግሞ ለመሻገር ብቻ ስለሚበቃ፣ ባትሪ ልሙላ ብሎ ሞተር ማስነሳት አይታሰብም። የባትሪውን ጉልበት በሚያሳየው መለኪያ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት በታች ከወረደ እዚሁ መቅረታችን ነው አለኝ። እኔ ግን ሰበቡን ከወዲሁ እያበጀ መሰለኝ። ነገ ፍሪጁ ይጠፋና፣ ምን ላድርግ እማማ፣ ባትሪው ነው ይለኛል።

ምክንያት የለውም እንዳልል አለው። ልጄን ላግባ ብሎ ሲመጣ፣ ውሃ ላይ ለሚውል ሰው ልጅ የለኝም ብዬ በሰው ፊት መልሼዋለሁ። ሳልመርቃቸው ነው የተጋቡት። እኔ ብሆን አልረሳም። አሁን ያቺው አማቱ አራት ወር ሙሉ ቤቱ ልትቀመጥ ነው፤ መድኃኒቷ ቢበላሽ ግን በሚቀጥለው ቀን ትሸኛለች። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ውስጡን ለቄስ።

ስለዚህ ጠበቅሁ። ሻርፔን የምፈልግ መስዬ ፍሪጁን ከፈትኩ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ከፈትኩ፤ ውሃው ያለው ሌላ ቦታ ነው። እሱ ከኋላ በኩል ከተጋረደው ሸራ ጀርባ በገባ ቁጥር እኔ ፍሪጁ ዘንድ ነኝ። መለኪያው አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት ነበር፤ ነጥብ ሁለት ሆነ፤ ነጥብ አንድ ሆነ። ቁጥሩ ሲወርድ ጥርጣሬዬ ይጨምራል፤ ጥርጣሬዬ ሲጨምር እከፍታለሁ።

እሱስ ሸራው ጀርባ ምን ይሠራል? ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ እጁን ከኋላው ይደብቃል። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም አይደል እማማ፣ እያጸዳሁ ነው አለኝ። ለአንዲት ትንሽ ጀልባ ግማሽ ቀን ጽዳት።

ከቀትር በኋላ የፍሪጁ ድምፅ ቀጥ አለ።

ሄጄ ሸራውን ገለጥኩት። የልጄ ባል ከሳንቃዎቹ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አጎንብሶ ቆሟል። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አልፏል። በጣሳ እየቀዳ ወደ ሐይቁ ይደፋል።

«የነቀልከውን ሽቦ አሁን ትመልሳለህ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከመለስኩት ፍሪጁን ማጥፋቴ ነው» አለ። «ሽቦው የፓምፑ ነው። ጀልባዋ ከሥር ትንሽ ውሃ ታስገባለች፤ ፓምፑ ነበር የሚያወጣው። ባትሪው ሁለቱን አይችልም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ውሃ እንደሚፈሩ ልጅዎ ነግራኛለች።»

ይህን ብሎ መቅዳቱን ቀጠለ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ፍሪጁ በራሱ ተነስቶ ማጉረምረም ጀመረ፤ ለካ በቂ ሲቀዘቅዝ ያርፋል። መዳፉን አየሁት። ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። እሱ በጣሳ ያተረፈውን ባትሪ እኔ ክዳን እየከፈትኩ ስበትነው ዋልኩ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ዞር በል» የሚል ነው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው እንደፈራሁት ነው። ይተዉ እማማ፣ ይደክምዎታል እያለ ሲለምነኝ ጣሳውን ከእጁ ወሰድኩበትና፣ ሄደህ ጋደም በል አልኩት። እኔን እምቢ ማለት እንደማይቻል ድሮ ያውቃል።

ፍሪጁን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ክንዱን ክዳኑ ላይ ጣለ። ብዙም ሳይቆይ አፉን ከፍቶ ተኛ፤ ሌሊቱንም ዓይኑን እንዳልከደነ የገባኝ ያኔ ነው። ነፋሱ ገና አልበረደም። ጣሳው ከሳንቃው ጋር ተጋጭቶ እንዳይቀሰቅስብኝ፣ ከውሃው ሥር በግራ እጄ እየዳበስኩ በቀኝ እጄ ቀስ እያልኩ ቀዳሁ።