የዳማው ጉልበት

ባሻ ያረጋል ብልህ ሰው ነበር። ብልህነቱን በየቀኑ ራሱ ስለሚናገር መተማ ውስጥ የሚጠራጠር አልነበረም። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ለጦሩ የፈረስ ሐኪም አስተርጓሚ ሆኗል። ፈረስ አያውቅም፤ ስለ ፈረስ ግን አፉን ሞልቶ ይናገራል።

አንድ ቀን ሐኪሙ የፊት እግሩን የሚጎትት ዳማ ውርንጭላ ገበያ ላይ አየ። የአገኘሽ ነው። አገኘሽ፣ ባሏ ሸጋው ከአርበኞች ጋር ሞተ ተብሎ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። ሐኪሙ የውርንጭላውን ጉልበት ዳሰሰና መጋጠሚያው ውስጥ የአጥንት ስባሪ እንዳለ፣ ቀዶ እንደሚያወጣው፣ ሲድንም ለኮሎኔሉ እንደሚሆን ተናገረ። አገኘሽን የጠየቃት የለም።

ቀዶ ጥገናው ሲደረግ እግሩን የያዘችው እሷ ነበረች። ለምን በዚህ በኩል እንደተቀደደ፣ የደም ሥሩ እንዴት ሳይነካ እንደታለፈ፣ በምን እንደሚሰፋ በባሻ በኩል አንድ በአንድ አስጠየቀች። ሐኪሙም ደስ ብሎት እንደ ተማሪ አስረዳት። ውርንጭላው ከእሷ እጅ ካልሆነ እህል አልቀምስ ስላለ፣ እስኪያገግም ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲያ ለፋሻና ለመድኃኒት ትመላለስ ጀመር። ጥያቄዋ አያልቅም። በጀርባው ይተኛ ወይ? ጠላ ቢቀምስ ቁስሉ ያመረቅዛል ወይ? ቁልቁለት መቼ ይወርዳል?

ሐኪሙ ሳቀና አንድ ነገር ተናገረ። ባሻ ፊቱን ቋጥሮ ተረጎመው።

«ፈረሱን እንደ ባል ያዝሺው ነው የሚልሽ።»

«ምን ላድርግ ባሻ» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «ሌላ ማን አለኝ?»

ብዙም ሳይቆይ ከሐኪሙ ሣጥን ትንሿ ቢላዋ ጠፋች። ፋሻውም እንደ ጉም ይተን ጀመር። ሐኪሙ ለባሻ ቁርጡን ነገረው፤ እስከ እሑድ ሌባው ካልተያዘ የሚገረፈው አስተርጓሚው ነው።

ባሻ አሰበ፤ ወዲያውም ደረሰበት። ከወንዙ ማዶ ጋላባት ላይ መድኃኒት እንደ ወርቅ ይሸጣል። አገኘሽ ደግሞ ወደዚያ ዕቃ የሚያሻግረው የነጋዴው የሐሚድ ደንበኛ ናት። ሱቁን አስጠበቀ። ጠባቂዎቹ ግን ምንም ስትሸጥ አላዩም፤ የምትገዛው ስኳርና ትንባሆ ብቻ ነው አሉት።

«ትንባሆው ለምንሽ ነው?» ሲላት፣

«ዝንብ ያባርርለታል ባሻ» አለችው።

ባሻ ይህን ጥበብ በዚያው ቀን ለሐኪሙ እንደ ራሱ አድርጎ ነገረው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን በአገኘሽ ደጅ ሲያልፍ፣ ዳማው ከሰሊጥ አገዳው አጥር ሥር ታስሮ ይግጣል። ጉልበቱ ላይ የታሰረው የጣሊያን ፋሻ አይደለም፤ ቡትቶ ነው። ባሻን በደስታ ላብ አጠመቀው። ሌባ ላስያዘ ይሰጣል ብሎ ያሰበውን ሽልማት የሚካፈለው እንዳይኖር ሰው ሳይጠራ፣ ብቻውን የጎጆውን በር በእርግጫ ከፈተ።

«የመንግሥት ፋሻ የት አለ?»

አገኘሽ አልደነገጠችም። በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገችለት።

«ይግቡ ባሻ፤ እዚሁ ነው።»

መደቡ ላይ፣ ልክ ሐኪሙ እንዳዘዘው በጀርባው ተንጋሎ፣ ሞተ የተባለው ባሏ ሸጋው፣ ነጩ ፋሻ በወጉ የተጠመጠመበት ጉልበቱ ላይ ጠመንጃውን አሳርፏል።