የተያዙ መልእክቶች

ኩማ ሥራውን የሚልከው ሁልጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። «ጨረሰ» የሚለው መልእክት ግን በማግስቱ ጠዋት ነበር የሚወጣው።

መጀመሪያ ልብ አላለውም። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው።

ቢሮው መሃል ከተማ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምስት ሆነው ለክሊኒኮች የቀጠሮ መተግበሪያ ይሠራሉ። ባለቤቱ ጋሽ በቀለ በየጠረጴዛው እየዞሩ «የት ደረስክ?» ማለት አይወዱም። ስለዚህ የቡድኑ መሪ ሰናይት አንድ መስመር ዘረጋችላቸው። ኮድ አልጻፈችም፤ የተዘጋጁ መተግበሪያዎችን እርስ በርስ አያያዘቻቸው። ሠራተኛው ሥራውን ሲልክ ዌብሁክ የሚሉት ደወል መስመሩን ይቀሰቅሳል፣ ፈተሻው በራሱ ይካሄዳል፣ ውጤቱ ከነስሙ ሁሉም ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይወጣል። «ጨረሰ» ወይም «ወደቀ»። በአምስት ደቂቃ ውስጥ።

«ያቤጽ ዛሬም ወደቀ!» አለች ሮሆቦት ስልኳን ከፍ አድርጋ። «እስቲ አንሡት፣ ወገቡ እንዳይጎዳ።»

«ሳቂ። ማክሰኞ ማን ነበር የወደቀው?»

«እኔስ አመሌ ነው። ኩማን አታየውም? ሁለት ወር ተኩል ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀም።»

ኩማ አልሳቀም። የተቀጠረው ለሦስት ወር ሙከራ ነው። ሲያልቅ ወይ ቋሚ ይሆናል፣ ወይ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይመለሳል። ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ እዚያ ዓሣ ያጸዳ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ አጠገቡ ይቆማል። አይናገርም፤ ያያል ብቻ። ገዢ ሲመጣ ሳፋውን ያነሣና «እኔ ነኝ ያጸዳሁት» ይላል። ኩማ አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሠራ። ከዚያ የቀረለት አንድ ትምህርት ነው፤ ቆሞ የሚያይህ ሰው ሊወስድብህ ያሰበው ነገር አለ።

ሰናይት ታየው ነበር።

ጠዋት ሲገባ ቀድማው ትገኛለች። ዓይኗ ቀልቶ፣ ያመጣችው ቁርስ ሳይነካ። ሲቀርባት የኮምፒውተሯን ገጽ ትቀይራለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ትናንት የላከውን ፋይል ከፈተ። መጨረሻ ላይ የነካው ሰው ስም፦ ሰናይት። ሌላ ከፈተ። ሰናይት። የባለፈውን ወር ከፈተ። ሰናይት።

«ፋይሌ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ትንሽ ነገር ነው። አትጨነቅ።» ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «ኩማ፣ ለመላክ አትቸኩል። አሳድረውና ደግመህ እየው።»

አሳድረው። በልቡ ያዛት።

የዚያኑ ቀን ጋሽ በቀለ ደረጃው ላይ አገኙት። «ሥራህ ንጹሕ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ዘገምተኛ ነህ ልጄ። ሌላው ከሰዓት ይጨርሳል፣ አንተ በማግስቱ። ቋሚ ለማድረግ ይህን ማየቴ አይቀርም።»

«እኔ ከሰዓት ነው የምጨርሰው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ግሩፑ ላይ አላየሁትም።»

ኩማ ተመልሶ ገባ። መስመሩን ማንም ሊከፍተው ይችላል፤ የሚከፍተው ግን አልነበረም። እሱ ከፈተው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተከተለ። ፈተሻው ከሚያልቅበትና ግሩፑ ከሚጀምርበት መካከል አንዲት ትንሽ ሳጥን ተቀምጣለች።

«ስሙ ኩማ ከሆነ፦ ያዝ። ለሰናይት ብቻ ላክ። እሷ ስትፈቅድ ልቀቅ።»

የያቤጽ ስም የለም። የሮሆቦትም የለም።

አርብ ጠዋት ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው። «አሜን» እንደተባለ ኩማ ላፕቶፑን ጋሽ በቀለ ፊት አስቀመጠ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሰናይት፣ ይህን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ሰናይት ወደ ኩማ አየች።

«እኔ ልንገርዎት» አለ ኩማ። «የእኔን ሥራ ታግታለች። አሳድራ ስሟን ትጽፍበታለች። ፋይሎቹን ይክፈቷቸው፤ ሁሉም ላይ አለች።»

ያቤጽ ከፈተ። ሁሉም ላይ ነበረች።

«ሰኒ፣ ተናገሪ እንጂ!» አለች ሮሆቦት።

«ሁለት ሳምንት ነው የቀረው» አለች ሰናይት። «ከዚያ በኋላ ላነሣው ነበር።»

«አዎ! እኔ ከተባረርኩ በኋላ!»

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አወለቁ። «አራት ዓመት አብረን ጸልየናል፣ ሰናይት። የሰው ላብ...» አልጨረሱትም። «የቢሮውን ቁልፍ አስቀምጪ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቦርሳዋን አነሣች።

«ያንን ሳጥን አጥፋው» አሉ ጋሽ በቀለ።

ያቤጽ አጠፋው። ከዚያ ቆም አለ። «ጥያቄ እያቀረበ ነው። ሠላሳ ስምንት የተያዙ መልእክቶች ከነመዝገባቸው አሉ ይላል። ይሰረዙ ወይስ ይላኩ?»

«ሰርዛቸው» አለች ሰናይት ከበሩ።

«አያችሁ?» ኩማ ተነሣ። «አሁንም ልትደብቀው ነው! ይላኩ። አንድም እንዳይቀር።»

ሰናይት እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀችው፦ «እርግጠኛ ነህ?»

«ይላኩ አልኩ።»

ያቤጽ ጋሽ በቀለን አየ። ጋሽ በቀለ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አምስቱም ስልኮች አንድ ላይ ጮኹ፦ «ኩማ ወደቀ፤ ያስተካከለችው ሰናይት» — ደግሞ ጮኹ፣ ደግሞ፣ እስከ ሠላሳ ስምንት።