የብሮንዚኑ ልክ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር የሚያድሰው ማንደፍሮ በሥራው ዋሽቶ አያውቅም። ያን ሳምንት ግን ዋሸ።

ማክሰኞ ጠዋት ሹፌሯ አስካለ አጠገቡ ቆማ ሳለ የኢሱዙዋን ሞተር ከፍቶ አዲስ ብሮንዚን፣ ዘንጉን የሚያቅፈውን ስስ ብረት፣ አስገባ። ክፍተቱን ለመለካት ፀጉር የምታክል የፕላስቲክ ክር በብሮንዚኑና በሚሽከረከረው ዘንግ መካከል አጋድሞ ብሎኑን አጠበቀ። ሲፈታው ክሩ ተጨፍልቋል። ስፋቱን ከመለኪያ ወረቀቱ ጋር አስተያየው፤ አምስት መቶኛ ሚሊሜትር፣ ልክ እንደሚፈለገው። ሞተሩ ከተገጠመ ግን አስካለ መኪናዋን አስነስታ መሄዷ ነው። ሹፌር ደግሞ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።

"ትንሽ ጠቧል፤ እንዲህ ከገጠምኩት ይነክስብሻል። ነገ እንደገና ልለካው" አላት።

ረቡዕ "ሰፋ" አለ። ሐሙስ በክሩ አሳበበ። አስካለ አልተቆጣችም። በየቀኑ እየመጣች አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ የመንገዱን ጉድ ስታወራለት፣ እሱ እየሳቀ ያንኑ ብሎን ይፈታል፣ ያጠብቃል።

አርብ ዕለት ብሎኑን ፈትቶ ገና ሳያጎነብስ፣ እሷ ወረቀቱን ቀድማ አነሳችና ክሩ ላይ አስጠጋችው።

"አምስት መቶኛ" አለች። "ማክሰኞም አምስት መቶኛ ነበር።"

ማንደፍሮ ቀና ብሎ አያት።

"ልኬት ታውቂያለሽ እንዴ?"

"መሪ ከመያዜ በፊት ስምንት ዓመት ሞተር አድሻለሁ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ እስክትናገር ነዋ!"