የካፒቴኗ አውራ ጣት

እናቲቱ የካፒቴኗ አውራ ጣት በተሳሳተ ወገን መብቀሉን ያየችው፣ ሥዕሉ ልጇ በስልክ ለምትሳተፍበት የሥዕል ቡድን ከተላከ በኋላ ነበር። ልጇ ሪዚኪ ከራሷ ልብ የፈጠረቻት ሴት ካፒቴን በባለቀለም እርሳስ ደምቃ፣ ፋኖስ አንጠልጥላ ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ግን የግራ እጅ ሆኗል። «አለቀልን» አለች እናት በልቧ። ባለፈው እዚያው ቡድን ውስጥ ሲስቁባት ልጅቷ ሥዕሏን ቀዳድዳ፣ ለብዙ ጊዜ እርሳስ ሳትነካ ከርማለች። የመግሪብ ሶላት አብቅቶ ስለነበር በሩን ልትቆልፍ ቁልፉን እንዳነሳች ስልኩ ጮኸ።

የመጣውን መልእክት ሪዚኪ ጮክ ብላ አነበበችው። የጻፈችው ታቱ የምትባል የቡድኑ አባል፣ የዛንዚባር ልጅ ነበረች። «እህቴ፣ ካፒቴንሽ ይህን አውራ ጣት ከማን ተዋሰችው? ፊቷ ግን ሊያናግረኝ ምንም አልቀረው! ጥላውን በጥቁር አትድፈኚው፤ መጀመሪያ ሐምራዊ አድርጊው፣ ከላዩ ቡናማ በስሱ ደርቢበት። እጁን ደግሞ የሰው እጅ እያየሽ ሳዪው።»

እናት ወረቀቱ ሲቀደድ ለመስማት ጠበቀች። የሰማችው ግን የእርሳስ መቅረጫውን ድምፅ ነበር።

«ማማ፣ እንዳትንቀሳቀሺ! እጅሽ እንዲሁ ይሁን።»

«በሩ ክፍት ነው እኮ! ሌባ ቢገባስ?»

«ከገባ እሱንም እስለዋለሁ።»

እናት ሳቋ አመለጣት። ቁልፉን እንደ ፋኖስ ከፍ አድርጋ፣ ክንዷ እስኪዝል ቆመች። አዲሱ ወረቀት ላይ የራሷ አውራ ጣት በትክክለኛው ወገን፣ ሐምራዊ ጥላውን ይዞ ብቅ ሲል አየች። ከዚያ በኋላ ነው ሄዳ በሩን የቆለፈችው።